በልብ ጠባሳ ላይ ሕያው ጡንቻ፦ በመርፌ ይግባ ወይስ በመጣፊያ ይሰፋ?

ይህ የአንድ የውይይት ክር፣ ማለትም የአንድ ጥያቄና ተከታትለው የመጡ ምላሾች፣ ቅኝት ነው፤ መነሻው በጠያቂው ቃል፣ ምላሾቹ ግን በእኔ ማጠቃለያ ቀርበዋል።

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄው የልብ ቀዶ ሐኪሞችንና ሕዋስ የሚያሳድጉ ባለሙያዎችን ይመለከታል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከከባድ የልብ ጥቃት በኋላ በግራው ቬንትሪክል (ደምን ወደ መላው ሰውነት በሚገፋው የልብ ክፍል) ላይ የሚቀረው ጠባሳ ይለጠጣል እንጂ አይኮማተርም። ቬንትሪክሉ ከ2 እስከ 4 ቢሊዮን የጡንቻ ሕዋሳት አሉት፤ አንድ ትልቅ ጥቃት 1 ቢሊዮን ያህሉን ሊያጠፋ ይችላል። ልብ በራሱ የሚተካው ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በ25 ዓመት ዕድሜ በዓመት 1 በመቶ ገደማ፣ በ75 ዓመት 0.45 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ስሌት በ2009 የታተመ ሲሆን መነሻው የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ላይ የበተኑት ካርቦን 14 ነው። እንግዲህ ጡንቻው ከውጭ መምጣት አለበት።

አቋሜ ይህ ነው፦ ደረት ለባይፓስ (የተዘጋውን የልብ ደም ሥር የሚያልፍ አዲስ ሥር ለመቀጠል) ከተከፈተ አይቀር፣ ሕዋስ የሚወጋውን መርፌ ትቶ መጣፊያ፣ ማለትም በቤተ ሙከራ ያደገ የጡንቻ ቁራጭ፣ መስፋት ይሻላል። በመርፌ የገባ ሕዋስ አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ከቦታው ይጠፋል። መጣፊያ ግን ባለበት ይቆያል። በጃንዋሪ 2025 የጀርመኑ የጎቲንገን ቡድን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣውን ተመልከቱ። ለአንዲት የ46 ዓመት ታካሚ 10 የጡንቻ ቁራጮች፣ በድምሩ 400 ሚሊዮን ሕዋሳት ተሰፉላት። ከ3 ወር በኋላ የልብ ንቅለ ተከላ ስታገኝ የወጣው ልብ ተመረመረ፤ የተሰፋው ጡንቻ በሕይወት ነበር፣ የደም ሥርም ገብቶበታል። ምን ያልታየኝ ነገር አለ?

ምላሽ 1

መርፌ ከለመደ እጅ የወጣ ጨዋ ምላሽ ነው። በጠያቂው ሐሳብ በግማሽ ይስማማል። ልብ እየመታ ስለሆነ ፈሳሹን በገባበት ቀዳዳ መልሶ ይተፋዋል፤ ከተረፈውም ብዙው በልብ ደም መልሶች በኩል ወደ ሳንባ ይሄዳል። ጠባሳው በሳሳበት ቦታ መርፌው ወደ ቬንትሪክሉ ክፍተት ካለፈ ደግሞ ሕዋሱ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት ይጓዛል። ይሁንና መላሹ ከጥፋቱ ብዙው የአወጋግ ነው ባይ ናቸው፤ ዘዴውንም ዘርዝረዋል። መርፌው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ይግባ። በአንድ ነጥብ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ቀስ ተብሎ ይገፋ፣ ተገፍቶ ካለቀ በኋላም መርፌው ጥቂት ሰከንድ ባለበት ይቆይ። በመግቢያው ዙሪያ አስቀድሞ እንደ ከረጢት አፍ የሚሰበሰብ ስፌት ማኖርና መርፌው ሲወጣ ክሩን መሳብ ፍሳሹን ይቀንሰዋል። ሕዋሱ ወደ ጠባሳው መሃል ሳይሆን ደም ወደሚደርስበት ዳርቻ ቢገባ ይመረጣል፤ መሃሉ ላይ የሚመግበው የለምና።

ምላሽ 2

አጭር እርማት። የጎቲንገኑ መጣፊያ ከባይፓስ ጋር የተሠራ አይደለም፤ በግራ ጎን፣ በጎድን አጥንቶች መካከል በተከፈተ ጠባብ መግቢያ ነው የተሰፋው። ይህ ተራ ዝርዝር እንዳይመስላችሁ ይላል ምላሹ። በባይፓስ ጊዜ አዲሱ የደም ሥር የሚጋደመው አብዛኛውን ጊዜ በልብ ፊተኛ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሰፊ ጠባሳም የሚበዛው እዚያው ነው። ሁለቱ ቦታ ይሻማሉ። የመጣፊያው ስፌት አዲሱን ሥር ካጠፈው ወይም ካጠበበው ለታካሚው የተረጋገጠውን ጥቅም ላልተረጋገጠው መሠዋት ይሆናል። ሌላም አለ፦ መጣፊያው ከልብ ከረጢት ጋር ይጣበቃል፣ ወደፊት ንቅለ ተከላ ቢያስፈልግ ልቡን ማላቀቁ ሥራውን ያረዝመዋል።

ምላሽ 3

እዚህ ላይ ክሩ ወደ ቤተ ሙከራው ገባ። መላሹ ሕዋስ አሳዳጊ ናቸው፤ መጣፊያ ተሰፍቶ የሚታየው ከሳምንታት ሥራ በኋላ መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳል ብለው ጀመሩ። መነሻው አይፒኤስ የሚባሉት፣ ከተራ የሰውነት ሕዋስ ተወስደው ወደ መነሻ ደረጃ የተመለሱ ሕዋሳት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ውንት የተባለውን የሕዋስ መልእክት የሚያነቃ ኬሚካል ይሰጣቸዋል፤ በ3ኛው ቀን ገደማ ያንኑ መልእክት የሚዘጋ ሌላ ኬሚካል ይከተላል። በ8ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ሳህኑ ውስጥ መምታት ይጀምራሉ። ቀጥሎ ማጥራት ነው፤ ግሉኮስ በሌለው፣ ላክቴት ባለው ፈሳሽ ማቆየት። የልብ ጡንቻ ላክቴትን አቃጥሎ ይኖራል፣ ያልተለወጡት ሕዋሳት ግን ይራባሉ፣ ይሞታሉ። ይህ ደረጃ ካልጸና ያልተለወጠ ሕዋስ ወደ ልብ ይሄዳል፤ ቴራቶማ የሚባለው ዕጢ መነሻውም ይኸው ነው።

ከዚያ ከኮላጅን (ሥጋን ከሚያያይዝ ፕሮቲን) እና ከደጋፊ ሕዋሳት ጋር ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈሳል፣ ለሳምንታትም ተወጥሮ ያድጋል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው ይላሉ፤ ንጹሕ የልብ ጡንቻ ብቻ ከሆነ ቅይጡ አይጨብጥም፣ ይፈርሳል። ኮላጅኑን ስቦ የሚያጠብቀው ደጋፊው ሕዋስ ነው። ሌላው ገደብ ውፍረት ነው። ኦክሲጅን የደም ሥር በሌለው ሥጋ ውስጥ ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው ዘልቆ የሚደርሰው፤ ከዚያ በላይ የወፈረ ቁራጭ የደም ሥር እስኪገባበት ድረስ መሃሉ ይሞታል። የጃፓኖቹ ስስ ንጣፍ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ሙቀት በሚለይ ሳህን ላይ በ37 ዲግሪ ያድግና ሳህኑ ከ32 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ያለ ኢንዛይም፣ ሳይቀደድ ይላቀቃል። ለማንሣት የሚያስቸግር ስስ ነገር ነው፤ በራሱ ላይ ከታጠፈ መልሶ መዘርጋት ከባድ ነው።

ምላሽ 4

የክሩ ማጠንጠኛ ይህ ምላሽ ነው፤ ከዚህ በኋላ የመጡት ሁሉ ወይ ይደግፉታል ወይ ይሸሹታል። መላሹ የልብ ምት መዛባትን የሚያውቁ ሰው ናቸው። በ2014 የሲያትል ቡድን ከፅንስ ግንደ ሕዋስ የተሠሩ 1 ቢሊዮን የልብ ጡንቻ ሕዋሳትን በጦጣዎች ልብ ውስጥ ወጋ። ሕዋሳቱ ጸኑ፣ ከባለቤቱ ጡንቻ ጋርም በኤሌክትሪክ ተገናኙ፤ የምት መዛባትም ተከተለ። በ2016 የጃፓን ቡድን የሰውነት መከላከያቸው ለሚስማማ ጦጣዎች የአይፒኤስ ሕዋስ ሲሰጥም ይኸው ታየ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበረታል፣ ከዚያ ይረግባል። በአሳማ ላይ ከዚህ የከፋ ነው።

ምክንያቱ የሕዋሱ ልጅነት ነው። በሳህን ያደገ የልብ ጡንቻ እንደ ፅንስ ጡንቻ በራሱ ይመታል፤ የአዋቂ ቬንትሪክል ሕዋስ ግን ካልተነካ ዝም ይላል። በጠባሳው ውስጥ የተበተነው እያንዳንዱ የሕዋስ ጎጆ እንደ ትንሽ ፔስሜከር (የምት አዛዥ) ትእዛዝ መስጠት ይጀምራል። መጣፊያው ታዲያ ይህን ለምን አያመጣም? በእርሱና በባለቤቱ ጡንቻ መካከል ስብና ጠባሳ ስላለ ግንኙነቱ ደካማ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው፦ መጣፊያውን ከአደጋ የሚጠብቀው ያው መለያየት ከልቡ ጋር እኩል እንዳይመታም ያደርገዋል። የተገናኘ ሕዋስ ያግዛልም ያውካልም፣ ያልተገናኘው ሁለቱንም አያደርግም። ማምለጫ ካለ በሕዋሱ ውስጥ ነው ይላሉ። በ2023 የታተመ ሥራ ሦስት ጂኖችን አጥፍቶ አንዱን በማብዛት በራሱ የማይመታ፣ ግን ሲነካ የሚኮማተር ሕዋስ አሳይቷል፤ ወደ አሳማ ልብ ሲገባም ያን መዛባት አላመጣም።

ምላሽ 5

ጠያቂው ተመልሷል። በጎቲንገኑ የጦጣ ሙከራ እስከ 6 ወር ድረስ በመጣፊያው ሳቢያ የምት መዛባትም ዕጢም እንዳልታየ፣ የግድግዳው ውፍረትና መኮማተርም እንደ መጠኑ እንደጨመረ አስታወሰ። ለምላሽ 4 ዋና ነጥብ ግን መልስ አልሰጠም። ግድግዳው መወፈሩ ብቻ ውጥረቱን ይቀንሳል፣ መጣፊያው ራሱ ሳይመታም ቢሆን የተሻለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ምላሽ 6

ጨዋነቱ እዚህ አለቀ። መላሹ ከ“እርስዎ” ወደ “አንተ” ወርዶ፣ ጠያቂው ያለፉትን 25 ዓመታት እንዳላነበበ ሰው ነው የሚጽፈው አለ። ስለታም ነው፣ ዝርዝሩ ግን ትክክል ነው። በ2000 ፓሪስ ላይ ከጭን ጡንቻ የተወሰደ ማዮብላስት (ያልበሰለ የጡንቻ ሕዋስ) በባይፓስ ጊዜ ለመጀመሪያው ታካሚ ተወጋ። ያ ተስፋ በ2008 የታተመውን ማጂክ የተባለ ጥናት ወለደ፤ 97 ታካሚዎች፣ 30 ያህል መርፌ በየልቡ፣ መጠኑም 400 ወይም 800 ሚሊዮን ሕዋስ። የልብ ሥራ ሕዋስ የሌለው ማስመሰያ (ፕላሴቦ) ከተወጉት አልበለጠም። የምት መዛባት ሥጋት ስለነበረ ለሁሉም ዲፊብሪሌተር (የተዛባ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ) ተተክሎላቸዋል። የጭን ጡንቻ ከልብ ጡንቻ ጋር በኤሌክትሪክ እንደማይተሳሰር ዛሬ ግልጽ ነው።

የአጥንት መቅኔ ሕዋስም ያው ነው ይላል። በ2001 የአይጥ ልብ በመቅኔ ሕዋስ ታደሰ ተባለ፤ በ2004 ሁለት ቡድኖች እዚያው ኔቸር ላይ መቅኔ ወደ ልብ ጡንቻ አይለወጥም ብለው አሳዩ። ከፊተኛው ሥራ ጀርባ በነበረው በፒዬሮ አንቬርሳ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች ከመጽሔቶቹ እንዲሰረዙ ሃርቫርድና ብሪገም ሆስፒታል በ2018 ጠየቁ። ሞትን ይቀንስ እንደሆነ እንዲፈትን የታቀደው የአውሮፓ ጥናት 3,000 ታካሚ ፈልጎ 375 ብቻ አገኘ፤ ልዩነት አላሳየም። ይህን ሁሉ ያላየ ሰው ስለ ስፌት አያውራ ብሎ ዘጋ።

ምላሽ 7

አወያዩ በሁለት መስመር ወደ “እርስዎ” እንዲመለሱ አሳሰቡ። ክርክሩን አልነኩም።

ምላሽ 8

ለምላሽ 6 በረጋ ቃል የተሰጠ መልስ ነው። መቅኔም ማዮብላስትም የልብ ጡንቻ አይደሉም፤ የእነርሱ ውድቀት የአይፒኤሱን አይፈርድበትም። በጃንዋሪ 2020 ኦሳካ ላይ 100 ሚሊዮን ከአይፒኤስ የተሠሩ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት በንጣፍ ሆነው በሰው ልብ ላይ ሲቀመጡ፣ የሙከራው ባለቤቶች ይጠብቁት የነበረው ንጣፉ ለዘለቄታው እንዲመታ አልነበረም፤ የደም ሥር የሚጠሩ ንጥረ ነገሮችን አመንጭቶ የተራበውን ዳርቻ እንዲያነቃ ነበር። በዚህ ዓይን ሲታይ የምላሽ 4 ክርክር ኢላማውን ይስታል ይላሉ፤ መገናኘት ግቡ ካልሆነ አለመገናኘት ጉድለት አይደለም።

ምላሽ 9

ቀዝቃዛ አጸፋ። “ንጥረ ነገር ያመነጫል” የሚለው ክርክር አስቀድሞ ተፈትኗል ይላል። ከታካሚው ጭን በተወሰደ ማዮብላስት የተሠራው ሃርትሺት የተባለ ንጣፍ በ2015 በጃፓን በ7 ታካሚዎች ውጤት ላይ ተመሥርቶ ጊዜያዊ ፈቃድ አገኘ፤ ሙሉ ፈቃድ ሲጠየቅ በ2024 የባለሙያዎች ጉባኤ ውጤታማነቱ አልታየም ብሎ ውድቅ አደረገው። ያም ሥራ የቆመው በዚሁ ክርክር ላይ ነበር።

ምላሽ 10

ይህኛው አንድ ነገር ብቻ አነሣ፣ ግን ለምላሽ 8 የሚከብድ ነው። በ2020 ኔቸር ላይ የወጣ የአይጥ ጥናት ሕያው ሕዋስ፣ የተገደለ ሕዋስ ወይም ዛይሞዛን የተባለ ከእርሾ ግድግዳ የሚገኝ ቁጣ ቀስቃሽ ሲወጋ ልብ በተመሳሳይ መጠን ተሻሻለ። ያሻሻለው የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ወደ ቦታው መምጣትና ጠባሳውን ማጠንከር ነበር። እንግዲህ አንድ ንጣፍ ጠቀመ ሲባል፣ የሞተ ሕዋስ ንጣፍ የተሰፋለት የማነጻጸሪያ ቡድን ከሌለ ንጣፉ ሕያው በመሆኑ ነው የጠቀመው ማለት አይቻልም። ማንም አልመለሰለትም፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ በጣም የሚያስቆጨው ይህ ዝምታ ነው።

ምላሽ 11 እና 12

ከመስመር ወጡ። አንደኛው ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ከቬንትሪክሏ 20 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ በ60 ቀን ገደማ እንደምትሞላው፣ የተወለደ የአንድ ቀን አይጥም እንዲሁ እንደሚያደርግና ችሎታውን በ7ኛው ቀን እንደሚያጣ አስታውሶ፣ ለምን ከውጭ ሕዋስ እንለምናለን፣ ያለውን እናባዛ አለ። ሁለተኛው ወዲያው አረመው። በ2019 አሳማዎች ላይ አንድ ማይክሮ አርኤንኤ (የጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር አጭር ሞለኪውል) በቫይረስ ተጭኖ ሲሰጥ የልብ ጡንቻው በእርግጥ ተባዛ፣ ጠባሳውም ጠበበ። ነገር ግን የሚያቆመው ስላልነበረ አብዛኞቹ አሳማዎች በድንገተኛ የምት መዛባት ሞቱ። ሲባዙ የቆዩት ሕዋሳት ገና ያልበሰሉ ነበሩ። ከርዕስ የወጣ ቢመስልም በሌላ በር ወደ ምላሽ 4 ይመልሳል።

ምላሽ 13

አንድ አንባቢ በክፍያ የመቅኔ ሕዋስ ወደ ልብ እናስገባለን የሚሉ ክሊኒኮች እምነት ይጣልባቸው እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄው አጭር ነው፣ ቁጣ የሞላበት መልስ ግን አስከተለ።

ምላሽ 14

መላሹ የክሊኒኮቹን ስም አልጠራም፣ አምስት ጥያቄ ብቻ ሰጠ። ሕዋሱ ምን ዓይነት ነው? ስንት ነው? በየት በኩል ይገባል? ጥናቱ በይፋ መዝገብ ላይ በየትኛው ቁጥር ይገኛል? ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የልብ ምቱን ማን ይከታተላል? ለአንዱ እንኳ መልስ ከጠፋ መውጣት ነው። ታካሚው ለሙከራው ራሱ እንዲከፍል ከተጠየቀም ያ ጥናት ሳይሆን ሽያጭ ነው ብሎ ቃሉን አልሸፋፈነም። በክንድ ደም ሥር የሚሰጥ ሕዋስ ብዙው ሳንባ ላይ ተይዞ እንደሚቀርም ጨመረ።

ምላሽ 15

የመለካት ጉዳይ። በዚህ ክር ውስጥ ቢዘገይም መቅደም የነበረበት ምላሽ ነው። መላሹ ቀዶ ሐኪም ናቸው፣ ጥርጣሬያቸውም ከባይፓሱ ይጀምራል። ጠባሳው ዙሪያ ያለ፣ ያልሞተ ግን ደም አጥቶ የተኛ ጡንቻ አለ፤ ባይፓስ ብቻውን ያን ያነቃዋል። ስለዚህ ከባይፓስ ጋር የተሰጠ ሕዋስ ያለ ማነጻጸሪያ ምንም አይነግረንም። ልብ በአንድ ምት የሚያስወጣው የደም መቶኛ በአልትራሳውንድ ሲለካ ከተለኪ ወደ ተለኪ በ5 ነጥብ ቢለያይ የሚደንቅ አይደለም፤ አንዳንድ ትናንሽ ጥናቶች የሚያበሥሩት ዕድገትም ከዚህ አይበልጥም። ኤምአርአይ ከጋዶሊኒየም (ጠባሳውን በምስሉ ላይ ከሚያደምቅ ንጥረ ነገር) ጋር ጠባሳውን በግራም ይመዝናል። ግን ዲፊብሪሌተር የተተከለለት ታካሚ ምስል ይበላሻል፤ ዲፊብሪሌተሩ ደግሞ ለደኅንነት ያስፈልጋል። ይህ እርስ በርስ የሚጋጭ ፍላጎት ከመጀመሪያው መታቀድ አለበት፤ ኤምአርአዩ መሣሪያው ከመተከሉ በፊት፣ በኋላም ምስሉን የሚያስተካክል ዘዴ ባለበት ማሽን።

ከዚያም ስቲች የተባለውን ጥናት አነሡ። ጠባሳውን ቆርጦ ቬንትሪክሉን ማጥበብ ከባይፓስ ጋር በ1,000 ታካሚዎች ላይ ተፈተነ፣ በ2009ም ታተመ። ቬንትሪክሉ በ19 በመቶ ጠበበ፤ ባይፓስ ብቻ በተሠራላቸው 6 በመቶ። በሞትና በሆስፒታል መተኛት ግን ልዩነት አልተገኘም። ቅርጽ ተስተካከለ ማለት ታካሚ ዳነ ማለት አይደለም፤ ግድግዳው ወፈረ ብሎ ለሚደሰት መጣፊያ ሰፊም የሚሆን መልስ ነው ብለው ምላሽ 5ን በስም ሳይሆን በቁጥር ጠርተዋል።

ምላሽ 16

እስካሁን ማንም ሰውነት የሌላ ሰው ሕዋስ እንዳይገፋ ስለሚሰጠው መድኃኒት አላነሣም ብሎ ገባ፣ እውነቱን ነው። ሕዋሱ የሌላ ሰው ስለሆነ ታክሮሊመስና ስቴሮይድ ያስፈልጋል። ታክሮሊመስ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው ኩላሊት ደግሞ አስቀድሞ የደከመ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒቱን መጠን፣ ክሬያቲኒንን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና ፖታሲየምን መከታተል ከስፌቱ ያልተናነሰ ሥራ ነው። ስቴሮይዱ የስኳር መጠንን ያወጣል፣ የቁስል መዳንን ያዘገያል። መድኃኒቱ ሲቆም ሰውነት ሕዋሱን ይገፋዋል። መላሹ ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አላየውም፤ መጣፊያው ዕጢ ቢያበቅል ወይም ምት ቢያውክ መድኃኒቱን ማቆም መውጫ መንገድ ይሆናል።

ምላሽ 17

ጠያቂው አቋሙን አጠበበ። መጣፊያው ባይፓስ ለማያስፈልገው፣ ሥሮቹ ለተከፈቱለትና ሰፊ ጠባሳ ላለበት፣ ዲፊብሪሌተርም ለተተከለለት ሰው ይሁን፤ ባይፓስ የሚሠራለት ደግሞ በመርፌ ይቀበል። ለመርፌው ሃርትሲድ የተባለውን የጃፓን ኩባንያ መንገድ ጠቀሰ። ሕዋሱ በነጠላ ሳይሆን 1,000 ያህል ሆኖ በተድቦለቦለ ጓል ይገባል፣ መርፌውም ጫፉ ደንዳና ክብ ሆኖ ቀዳዳዎቹ በጎን ናቸው። ጓሉ በመርፌው መንገድ ተመልሶ ለመውጣት ትልቅ ነው፣ ደንዳናው ጫፍም ሥር አይቀድም። መጠኑ 50 ሚሊዮን፣ ቀጥሎም 150 ሚሊዮን ሕዋስ። ከጦጣዎቹ 1 ቢሊዮን ጋር ሲተያይ ለምት መዛባት የሚሰጠው ዕድል ያነሰ ነው፤ ግን የሞተውን 1 ቢሊዮን ለመተካትም ያነሰ ነው ብሎ ራሱ ጨመረበት።

ምላሽ 18

ምላሽ 6 የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ በ“እርስዎ”። በጠበበው አቋም አልተጣላም። አንድ የሥራ ሐሳብ ብቻ አቀረበ። ሕዋሱ መኖሩን የሚያረጋግጠው በእጅ የተያዘ ልብ ብቻ ስለሆነ፣ መጣፊያ የሚሰፋ ሁሉ አራቱን ማዕዘን በማይሟሟ ባለ ቀለም ክርና በትንሽ የታይታኒየም ቅንጥብ ምልክት ያድርግበት። ያለዚያ ከዓመት በኋላ ስብና ጠባሳ ሲሸፍነው ፓቶሎጂስቱ (የወጣውን ሥጋ የሚመረምረው ሐኪም) የት እንደሚቆርጥ አያውቅም። ልቡ ሲወጣም በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ አይነከር፤ ከማዕዘኖቹ አንዱ ትኩስ ሆኖ ይቀዝቅዝ። የሰጪውና የተቀባዩ ሕዋስ በዘረመል የሚለየው ከዚያ ነው፣ በተለይ ሁለቱም አንድ ጾታ ከሆኑ።